መሐመድ ማን? ስለ ድሬዳዋ ጥንታዊ ባሕር ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

«ባሕሩ ከድሬ የወጣው መቼ ነው?» ያልከውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ እየተደሰትኩ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። የተደሰትኩት የድሬ ልጅ ስለ ድንጋይ ሲጽፍ ብዙም ስለማይገኝ ነው። ስለ ባቡሩ ይጻፋል፣ ስለ ከዚራ ዛፎች ይጻፋል፣ ስለ ሙቀቱ ይጻፋል። ከከተማው በስተደቡብ እንደ ግድግዳ የቆመው ተራራ ግን «ያው ተራራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እርሳሱን ያነሳሁት ደግሞ ከስድስቱ ነጥቦችህ አምስቱ ስላልተዋጡልኝ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ምላስ ላይ ይከብዳልና አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ያላነበበው ሰው እንዳይደናገር የጻፍከውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ወደ ሐረር በሚያወጣው በደንገጎ ዳገት መንገድ ዳርና በሲሚንቶ ፋብሪካው ካባ የሚታየው ኖራ ድንጋይ የባሕር ደለል ነው ትላለህ። ባሕሩ የቀይ ባሕር ቅሪት ነበር፤ ድንጋዩ ውስጥ የተገኙ ዚርኮን የተባለ ማዕድን ሦስት ፍሬዎች 600 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናቸው ባሕሩም 600 ሚሊዮን ዓመቱ ነው፤ ከኖራው በታችና በላይ ያለው አሸዋ ድንጋይ ከጨርጨርና ከሐረር ተራሮች ታጥቦ የወረደ ነው፤ የደለሉን ምንጭ ለማወቅ አንድ ኪሎ ድንጋይ ፈጭቶ ኬሚካሉን ማስመርመር ይበቃል። መጨረሻ ላይ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ ከእኛ አቅም በላይ ነው» ብለህ ዘጋኸው።

በመጀመሪያው አልከራከርህም። ኖራው የባሕር ነው፤ ዛጎሉ ራሱ ይመሰክራል።

«የቀይ ባሕር ቅሪት» የሚለው ግን አይሆንም። ድንጋዩ ጁራሲክ ከሚባለው፣ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረው ዘመን ነው። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ መሰንጠቅ የጀመሩት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ልጅ አባቱን አይወልድም። ከጅቡቲ ጋር በባቡር የተሳሰርን ስለሆንን ባሕር ሲባል ዓይናችን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል። ያኛው ባሕር ግን የገባው በደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴንና በሶማሊያ በኩል ነው፤ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ሲሰነጠቅ፣ ማዳጋስካርና ህንድ አንድ ላይ ከአፍሪካ ሲላቀቁ በተከፈተው በር። ይህን እዚህ ላይ ልተወው፤ ዋናው ጠባችን ሌላ ቦታ ነው።

«ዚርኮኖቹ 600 ሚሊዮን ዓመታቸው ነው፤ ስለዚህ ባሕሩም…» ብለሃል። እርሳሴ የተሰበረው «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ዚርኮን ቅልጥ አለት፣ በተለይ ግራናይት የሚሆነው፣ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቃቅን ማዕድን ነው። ሲፈጠር ዩራኒየምን ወደ ውስጡ ያስገባል፤ እርሳስን (የምጽፍበትን አይደለም፣ ብረቱን ነው) በር ላይ ይመልሳል። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ እዚያው ከዩራኒየም የተወለደ ነው። ዩራኒየም 238 (ቁጥሩ የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች መለያ ነው) በ4.47 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ወደ እርሳስ 206 ይለወጣል፤ ዩራኒየም 235 ደግሞ በ704 ሚሊዮን ዓመት ግማሹ ወደ እርሳስ 207። ባንዲት የአሸዋ ፍሬ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ከተናገሩ ቃላቸውን እንቀበላለን፤ ከተለያዩ ፍሬዋ አንድ ነገር ደርሶባታል ብለን እንጠረጥራለን። በሽምግልናም ቢሆን ሁለት ምስክር ነው የሚጠየቀው።

እስከዚህ ድረስ አንተም ደህና ጽፈሃል። ጥያቄው ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው መቼ ነው የሚለው ነው። የጀመረው ዚርኮኑ ከቅልጡ ሲፈጠር ነው። ከዚያ ወዲያ ግራናይቱ ተራራ ቢሆን፣ ተራራው ቢሸረሸር፣ ወንዝ ቢሸከመው፣ ባሕር ውስጥ ቢቀበር ሰዓቱ አይነካም። ሙቀት እንኳ በቀላሉ አያናውጠውም፤ እርሳሱን ለማስለቀቅ ከ900 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ጥንካሬው ነው እንግዲህ ዝናው፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ በተባለ ቦታ ከደለል አለት ውስጥ የወጡ ዚርኮኖች እስከ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ደርሰዋል። ያንን ያቀፈው ደለል ግን ከፍሬዎቹ በብዙ ያንሳል።

ሩቅ ሳንሄድ ከተማችንን በሚያቋርጠው ወንዝ፣ በደቻቱ እንፈትነው። ክረምት ሲመጣ ከላይ ከዳገቱ ጎርፍ ይወርዳል፣ አሸዋ ይጭናል፣ በጋ ላይ ሰው በአካፋ ዝቆ ለግንባታ ይሸጠዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት ያ ብዙ ሰው የበላ ጎርፍ ሲመጣ ምን ያህል ድንጋይና አሸዋ እንዳወረደ ያየ ያውቀዋል። አሁን ከዚያ አሸዋ ዚርኮን ለይተን ብንመረምር፣ ከጥንቱ ግራናይት የመጡት ፍሬዎች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ያወጣሉ። በአንተ «ስለዚህ» ከሄድን የደቻቱ ጎርፍም 600 ሚሊዮን ዓመቱ ነው። አቦ፣ እኛ እኮ ነበርን!

ዚርኮን ስለ ደለሉ ዕድሜ የሚሰጠን አንድ ወሰን ብቻ ነው። ደለል በውስጡ ካለችው ታናሽ ፍሬ ሊቀድም አይችልም። ታናሿ 600 ሚሊዮን ከሆነች ደለሉ 600 ሚሊዮን ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ 160 ሊሆን ይችላል፣ 10 ሊሆን ይችላል፣ ትናንት ሊሆን ይችላል። አንተ የዕድሜውን ጣሪያ ዕድሜው ራሱ አድርገህ አነበብከው። ከከተማው በላይ ያለውን የፖርክ-ኤፒክ ዋሻ በምሳሌነት አንስተህ ነበር፤ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ለእኔ። ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1929 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያገኙት ያ ዋሻ የተፈለፈለው በጁራሲኩ ኖራ ውስጥ ነው። በውስጡ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎችና የቀይ አፈር ቁርጥራጮች ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። የዋሻውን ድንጋይ ዕድሜ ለነዋሪዎቹ የሚሰጥ ሰው የለም። አንተ ለደለሉ ያደረግከው ግን ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ምንጩ እንምጣ። 600 ሚሊዮን መሆናቸው ስለ ምንጩስ ምን ነገረህ? «የሐረር ግራናይት ናቸው» ብለሃል። መጋላ ገብተህ «መሐመድ!» ብለህ ጥራ እስቲ። ስንቱ ይዞርልሃል? ከ650 እስከ 500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የአህጉር ቁርጥራጮች ተጋጭተው ጎንድዋናን ሲሠሩ ከዓረብ ምድር እስከ ሱዳን፣ ከኢትዮጵያና ኬንያ እስከ ማዳጋስካርና ደቡብ ህንድ ግራናይት እንደ አሸን ፈልቷል። በዚህ ሁሉ አገር 600 ሚሊዮን ማለት «መሐመድ» ማለት ነው። ልክ ነው፣ ስሙ ነው፤ ግን አያስለይም።

እኛ ሰው ለመለየት ምን እናደርጋለን? «መሐመድ ማን?» እንላለን፤ የአባት ስም እንጠይቃለን። ዚርኮንም የአባት ስም አለው፤ ሃፍኒየም ይባላል። በዚያችው ፍሬ ውስጥ ከዚርኮኒየም ጋር ተደባልቆ የሚገባ ንጥረ ነገር ነው። ሉቴቲየም 176 ቀስ እያለ ወደ ሃፍኒየም 176 ስለሚለወጥ፣ የሃፍኒየም 176 ድርሻ ቅልጡ ከየት እንደወጣ ይናገራል፤ ከምድር ሆድ ትኩስ የመጣ ነው ወይስ ያረጀ የምድር ቅርፊት እንደገና ቀልጦ? በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሱዳን ቀይ ባሕር ዳርና በምዕራብ ዓረቢያ ያለው ቅርፊት በብዛት ትኩስ ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ያረጀ ቅርፊት ምልክት ይበረታል። ስለዚህ ሁለት ፍሬዎች ሁለቱም «600» ቢሉም የአባታቸው ስም ሲጠየቅ አንዱ ከሰሜን፣ አንዱ ከደቡብ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ዚርኮኖችህ ሃፍኒየማቸው አልተለካም። ስማቸውን ጠርተህ የአባታቸውን ስም ሳትጠይቅ ቤታቸው ወሰድካቸው።

ደግሞስ ሦስት ፍሬ ምንድን ነው? ከአሸዋው 20 በመቶ የሚሆነው ከአንድ ሌላ አገር መጣ እንበል። ሦስት ፍሬ ብቻ ስታነሳ ያንን አገር ጨርሶ የመሳት ዕድልህ ከ51 በመቶ በላይ ነው፤ ሳንቲም እንደ መወርወር። በዘርፉ የታወቀው ስሌት እንዲህ ይላል፦ ከጠቅላላው 5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አንድም ክፍል እንዳላመለጠህ 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 117 ፍሬ መቁጠር አለብህ። የዛሬው የሌዘር መሣሪያ ከፀጉር ውፍረት ያነሰች ነጥብ በፍሬዋ ላይ ቦርቡሮ አንዷን በደቂቃ አካባቢ ስለሚለካ፣ መቶ ምናምን ፍሬ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ኖራው ነው፤ ንጹሕ ኖራ ከየብስ ርቆ የሚረጋ ስለሆነ ዚርኮን እምብዛም የለውም። ምንጭ የሚፈልግ ሰው ኖራውን ትቶ በመሐሉ የገባውን ጭቃማ ንብብርና ከሥሩና ከላዩ ያለውን አሸዋ ድንጋይ ነው የሚያሳድደው።

አሸዋ ድንጋዩ ላይ ስትደርስ «ቅርብ እያለ ሩቅ ምን ያስኬዳል?» ትላለህ። ለገበያ ቢሆን ልክ ነህ፤ ከቀፊራ ገበያ እያለ ቲማቲም ለመግዛት ሐረር የሚወጣ የለም። ለደለል ግን መጀመሪያ «ቅርብ» የምትለው ነገር በዚያን ጊዜ መኖሩን ማረጋገጥ አለብህ። የዛሬው የደንገጎ ዳገት፣ የጨርጨር ሰንሰለት፣ የሐረር ደጋ ይህን መልክ የያዙት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ፣ በባዛልቱ (ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው) መፍሰስ፣ በመሬቱ መነሳትና በስምጥ ሸለቆው መከፈት ነው። ያልተወለደ ተራራ አሸዋ አያወርድም። ማስረጃውም እዚያው ተሰቅሎልሃል፤ ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የባሕሩ ኖራ ደግሞ ከእሷም በላይ በዳገቱ ላይ ነው። ባሕር ዳገት አይወጣም፤ ዳገቱ ነው ባሕሩን ተሸክሞ የተነሳው።

«ተራራው ባይኖር ግራናይቱ ነበረ» ትለኝ ይሆናል። ነበረ። ግን ንብብሩን ተመልከት፤ ከታች ጥንታዊው ግራናይትና ግናይስ (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ አለት)፣ በላዩ የታችኛው አሸዋ ድንጋይ፣ በላዩ ኖራው፣ ከዚያ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ባዛልቱ። በባቢሌ መንገድ በዳኻታ አንዱ ባንዱ ላይ ቆመው የምናደንቃቸው ግራናይቶች ዛሬ ፀሐይ የሚሞቁት ያ ሁሉ ልብስ በኋላ ስለተገፈፈላቸው ነው። በአሸዋና በኖራ ሥር የተቀበረ ድንጋይ ለላይኛው አሸዋ ፍሬ ሊለግስ አይችልም። ለታችኛው ንብብር ወለል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሜትሮች፣ የአካባቢው ግራናይት መዋጮ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን እሰጥሃለሁ። ከዚያ በላይ ግን ምንጩ ገና ያልተሸፈነ ሌላ አገር መሆን አለበት።

ምን ያህል ሩቅ? ደለል መንገድ አይፈራም። ከሰሜን ኢትዮጵያ እስከ ዮርዳኖስና እስራኤል ባሉ ከዚህ በብዙ የሚቀድሙ አሸዋ ድንጋዮች ውስጥ 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ዚርኮኖች በብዛት ተገኝተዋል። በዙሪያቸው ያን ያህል ፍሬ የሚያወጣ የዚያ ዕድሜ ግራናይት የለም። ስለዚህ ከደቡብ፣ በአፍሪካ ምሥራቅ ከነበረው ግዙፍ የተራራ ሰንሰለት በሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘው የመጡ ናቸው የሚለው ሐሳብ ሚዛን ደፍቷል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ዚርኮን ጡረታ አለማወቁ ነው። አንድ ጊዜ ከግራናይት ወጥቶ አሸዋ ድንጋይ ይሆናል፤ ያ አሸዋ ድንጋይ ሲሸረሸር ወደ ሌላ አሸዋ ድንጋይ ይገባል፤ እንደገና ይወጣል። የአሸዋችን ፍሬ በቀጥታ ከግራናይት ይምጣ ወይስ በሁለት በሦስት ደለል ውስጥ ተከራይቶ፣ ዕድሜው ብቻውን አይነግርህም። ፍሬው ሹል ነው ወይስ ተሞርዶ ክብ ሆኗል? ቶሎ የሚበሰብሰው ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን አብሮት አለ ወይስ ጠንካራው ኳርትዝ ብቻ ቀርቷል? በድንጋዩ ላይ የሚታየው ሰያፍ ንብብር የጥንቱ ውሃ ወዴት ይፈስ እንደነበር ያሳያል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ኮምፓስ ነው። በጽሑፍህ አንድም የአቅጣጫ ልኬት አላየሁም።

«አንድ ኪሎ ፈጭቶ ማስመርመር ይበቃል» ወዳልከው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና ልቆይበት።

ኖራ ድንጋይ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት እንግዶች ነው። አንደኛው ባሕሩ ራሱና በውስጡ የኖሩት እንስሳት የሠሩት ካርቦኔት ነው። ሁለተኛው ከየብስ በነፋስና በውሃ የመጣ ጥቂት ሸክላና ድቃቂ አሸዋ። ሁለቱን አብረህ ከፈጨህ ሁለቱም አንድ ላይ ያወራሉ፣ አንዱም አይሰማም። መጀመሪያ በቀላል አሲድ፣ ለምሳሌ በኮምጣጤ አሲድ፣ ካርቦኔቱን ማሟሟት፣ ሳይሟሟ የቀረውን ለብቻ መውሰድ ያስፈልጋል።

የሚያስገርመው፣ «ባሕሩ መቼ ነበር» ለሚለው የአንተው ጥያቄ መልሱ ያለው አንተ ልብ ባላልከው ካርቦኔት ውስጥ ነው። ስትሮንቲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በባሕር ውሃ ውስጥ ሚሊዮኖች ዓመታት ስለሚቆይና ውቅያኖሱ ግን በሺህ ዓመት አካባቢ ስለሚደባለቅ፣ በአንድ ዘመን በዓለም ባሕር ሁሉ የስትሮንቲየም 87 እና 86 ንጽጽር አንድ ነው። ዛሬ 0.7092 ገደማ ነው። በጁራሲክ ዘመን ወርዶ ወርዶ ወደ 0.7068 ደርሷል፤ ባለፉት 500 ሚሊዮን ዓመታት ከታየው ዝቅተኛው እሱ ነው። ደህና የቆየ የዛጎል ቁራጭ ተመርጦ ይህ ቢለካ፣ ቁጥሩ የዓለም ባሕር ንጽጽር በየዘመኑ ስንት እንደነበር ከሚያሳየው ኩርባ ጋር ይነጻጸራል። ኩርባው ወርዶ ስለሚወጣ አንድ ቁጥር ከሁለት ዘመን ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ያኔ ቅሪተ አካሉ ይዳኛል። ግን ልብ በል፤ ይህ ቁጥር የዓለም ባሕር ቁጥር ነው። የድሬ ኖራና ጁራሲክ ስሙን ያገኘበት የአውሮፓው የጁራ ተራራ ኖራ ዘመናቸው አንድ ከሆነ ቁጥራቸውም አንድ ነው። ስለ ጊዜ ይናገራል፣ ስለ ምንጭ ግን ዝም ይላል። ምንጩን የያዘው ያልሟሟው ዝቃጭ ነው።

በዝቃጩም ቢሆን ማንኛውም ንጥረ ነገር ምስክር አይሆንም። ሶዲየምና ካልሲየም፣ እየቆየም ፖታሲየም፣ ድንጋይ ሲበሰብስ ከውሃ ጋር ይሄዳሉ፤ አሉሚኒየም ይቀራል። ስለዚህ የእነሱ ማነስ የሚነግርህ ምንጩ ምን ያህል ዝናብና ሙቀት እንደበላው ነው። ታማኞቹ በውሃ የማይንቀሳቀሱት ናቸው፤ ቶሪየም፣ ስካንዲየም፣ ላንታነም። ግራናይት ቶሪየም ይበዛዋል፣ ባዛልት ስካንዲየም። የሁለቱ ንጽጽር ምንጩ ወደየትኛው እንደሚያደላ ያሳያል። ዚርኮኒየም ሲበዛ ግን አትቸኩል፤ አንተ «ዚርኮኒየም ስለበዛ ግራናይት ነው» ብለሃል። እናቶቻችን ጥሬ በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ገለባው ይሄዳል፣ ከባዱ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ውሃም እንዲሁ ነው። ኳርትዝ ክብደቱ ከውሃ 2.65 ጊዜ ነው፣ ዚርኮን ከ4.6 በላይ። ደጋግሞ በወንዝና በባሕር ዳር የተንገዋለለ አሸዋ ምንጩ ምንም ይሁን ምን ዚርኮኑ ይከማቻል። ከስካንዲየም ጋር ሲነጻጸር ዚርኮኒየም ብቻውን ከዘለለ የሰፌዱን ሥራ ነው ያየኸው።

ዚርኮን ደግሞ አንድ ጆሮው የደነቆረ ምስክር ነው። የሚወለደው በአብዛኛው ከግራናይትና ከዘመዶቹ ነው፤ ባዛልት እምብዛም አይሰጠውም፣ ኖራ የራሱ የለውም። የደቻቱን ጠጠር እፍኝ አድርገህ እይ፤ ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ ነጩ ኖራ። ዚርኮኑን ብቻ ያመነ ሰው ግን ሸለቆው ሁሉ ግራናይትና አሸዋ ድንጋይ ነው ብሎ ይምላል። ስለዚህ ነው ጂኦኬሚስትሪው (የድንጋዩ ኬሚካል ምርመራ) እና የማዕድን ዕድሜው አንዱ ላንዱ የሚያስፈልጉት። በመሐላቸው የሚቆመው ኒዮዲሚየም ነው። ሳማሪየም 147 በ106 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ወደ ኒዮዲሚየም 143 ስለሚለወጥ፣ ድቃቁ ሸክላ በአማካይ ካረጀ ቅርፊት ነው ወይስ ከአዲስ የመጣው የሚለውን ይመልሳል። ዚርኮን ስለ አሸዋው ያወራል፣ ኒዮዲሚየም ስለ ጭቃው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አሸዋውና ጭቃው ከተለያየ አገር መጥተዋል ማለት ነው፣ ያ ራሱ ግኝት ነው።

የቀረው «ከእኛ አቅም በላይ ነው» የሚለው ነው። ሌዘሩ ውድ ነው፣ አልክድም። ግን ሥራው ሌዘሩ ጋ ሲደርስ አብዛኛው አልቋል። ድንጋይ መምረጥ፣ ንብብሩን መለካት፣ ኮምፓስ ማንሳት፣ መፍጨት፣ መንፋት፣ በውሃ ማንገዋለል፣ በማግኔት ብረታ ብረቱን መለየት፣ በማጉያ መነጽር ፍሬ መልቀም፤ ይህ ሁሉ እዚሁ ድሬ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሠራል። የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከኖራው ዝቃጭ ውስጥ ሹል ሹል፣ ምንም ያልተሞረዱ ዚርኮኖች አግኝቼ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ፤ ከቅርብ የመጡ ናቸው፣ ሁሉም የጻፈው ስህተት ነው ብዬ። ጠዋት ወንፊቱን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው በቀዳዳዎቹ መሐል የደቻቱ አሸዋ ተሰንቅሮበታል። ከሦስት ቀን በፊት በዚያው ወንፊት አሸዋ ነፍቼ ሳላጥበው ቀርቼ ነበር። የሁለት ሳምንት ሥራ ደፋሁ። ስለ ሦስቱ ፍሬዎችህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የነበረውም ይኼው ነው፤ ወንፊቱ ታጥቦ ነበር ወይ?

ከልብህ ከሆነ የጀመርከው ክረምቱ ሲወጣ እንሂድ። ከደንገጎ ታች የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ከኖራው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንፈልግና ከወለሉ፣ ከመሐሉና ከላይኛው ጫፍ ሦስት ናሙና፣ ከላይኛው አሸዋ ድንጋይ ሁለት፣ ከኖራው መሐል ካለው ጭቃማ ንብብር አንድ እናንሳ። ለማነጻጸሪያ ከደቻቱ አንድ ባልዲ አሸዋ፣ ከዳኻታ መንገድ አንድ ግራናይት። መዶሻውንና ውሃውን አንተ ያዝ። ወንፊቱን እኔ አመጣለሁ፣ የታጠበውን።